ግቢ ውስጥ ዶሮ ለማርባት ወረዳን እንዴት ማሳመን ይቻላል (እኛ ካለፍንበት)

እኛ ግቢ አሁን 6 ዶሮ አለ፣ ወረዳው ያውቃል፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀትም እጃችን ላይ አለ። ከፒያሳ ብዙ የማይርቅ የቀበሌ ቤት ግቢ ነው፣ 5 አባወራ ይኖርበታል፣ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ በር፣ ልብስ የምናሰጣበት ትንሽ ክፍት ቦታ፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም። እዚ ለመድረስ ሁለቴ ሞክረናል። የመጀመሪያው ተበላሸ ሁለተኛው ተሳካ፣ እና ሰሞኑን "እናንተ እንዴት ተፈቀደላችሁ?" እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልፃፈው ብዬ ነው።

የተበላሸውን ላስቀድም፣ ብዙ የተማርኩት ከሱ ነው። እናቴ ለገና ሰሞን ሾላ ገበያ ሄዳ 4 ቄብና አንድ አውራ ዶሮ ገዛች፣ ወንድሜ ከአጥሩ ጥግ በቆርቆሮና በአሮጌ ጣውላ ቤት ሰራላቸው፣ ጎረቤት አላማከርንም ወረዳም አልሄድንም፣ ዶሮ እኮ ነው ማን ምን ይላል ብለን። ሶስት ሳምንት ሳይሞላ ደንብ ማስከበሮች መጡ። በ3 ቀን ውስጥ አንሱ የሚል የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጥተውን ሄዱ። እናቴ ዶሮዎቹን ሰበታ ላለችው እህቷ ላከቻቸው፣ ማታ ካርቶን ውስጥ ስናስገባቸው እንባዋ ይወርድ ነበር፣ ሁለቱ ገና እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር። እኔም በጣም ተናድጄ ነበር፣ ማንን እንደምከስ ሁሉ ሳስብ ነው የከረምኩት። ከወራት በኋላ ግን ያቺን ወረቀት አውጥቼ ደጋግሜ ሳነባት አንድ ነገር ገባኝ፦ ወረቀቷ ላይ "ዶሮ" የሚል ቃል የለም። የሚለው "ያለፈቃድ የተሰራ ግንባታ" ነው።

ይሄን በደንብ ያዙት። ወረዳ ዶሮ አይጠላም። የሚያስፈራው ቆርቆሮው ነው፣ የጎረቤት አቤቱታ ነው፣ ሽታና በሽታ ነው። በተለይ መሃል ከተማ ላይ ዛሬ የዶሮ ቤት የተባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ለከርሞ በር ይገባለትና ይከራያል፣ ይሄ ስንት ጊዜ ሆኗል፣ ባለሙያዎቹ ስንት አይተዋል። ስለዚ እናንተ "ዶሮ" ስትሉ እነሱ ጆሮ ላይ የሚደርሰው "ሌላ ህገወጥ ቤት" የሚል ነው። ማሳመን ማለት ያንን ፍርሃት ከመጠየቃችሁ በፊት መመለስ ነው እንጂ ስለ ዶሮ ጥቅም ማውራት አይደለም፣ የእንቁላልን ጥቅም ማንም አልካደም።

ቤቱን ስትሰሩ እግር ያለው ሳጥን አድርጉት። እንጨትና ወንፊት ሽቦ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ክዳን፣ ሲሚንቶ የለም፣ መሰረት የለም፣ ከአጥርም ከግድግዳም ጋር አይያያዝም። ሁለት ሰው ይዞት የሚነሳ መሆን አለበት። የኛ 2 ሜትር በ1 ሜትር ነው፣ ለ6 ዶሮ ይበቃል፣ ውስጡ ሁለት ቆጥና እንቁላል የሚጥሉበት ሁለት ሳጥን አለው፣ ታች አራት ትንንሽ ጎማ አስገብተንለታል። ጎማዋ ቀልድ ትመስላለች ግን ባለሙያው ሲመጣ ወንድሜ ሳጥኑን ገፋ አድርጎ ሲያሳየው ፊቱ ወዲያው ተቀየረ፣ "አሃ ይሄ ግንባታ አይደለም" አለ፣ ያቺን ቃል ራሱ ነው የተናገራት እኛ አላልንም።

ሌላው አውራ ዶሮ። አይኖርም፣ አለቀ፣ እዚ ላይ አትከራከሩ። የሚገርመው ቢሮ ውስጥ ያገኘኋቸው ሁለት ሰዎች "ያለ አውራ እንዴት ይጥላሉ?" ብለውኛል፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው። ሴት ዶሮ አውራ ኖረም አልኖረም እንቁላል ትጥላለች፣ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ከተፈለገ ብቻ ነው፣ ከሱቅ የምንገዛው የፈረንጅ እንቁላል ራሱ አውራ አይተው ከማያውቁ ዶሮዎች የመጣ ነው። እንደዛ ስላቸው ሳቁና ተቀበሉት። ሴቶቹ እንቁላል ሲጥሉ ያስካካሉ እሱ እውነት ነው፣ ግን ቀን ላይ ነው፣ ድምፁም ከሰው ወሬ ብዙ አይበልጥም፣ ማታ ከመሸ ቆጣቸው ላይ ወጥተው ዝም ነው። ቁጥሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ጠይቁ። ቦቫንስ ብራውን ወይ ሎህማን ብራውን የሚባሉት እንቁላል ጣይ ዝርያዎች ከሆኑ 6 ዶሮ በደህና ጊዜያቸው በቀን 5 እንቁላል ገደማ ይሰጧችኋል፣ ለአንድ ቤተሰብ ተርፎ ለጎረቤት ይደርሳል። 20 ብላችሁ ከጠየቃችሁ ንግድ ነው ይባላል፣ ንግድ ከተባለ ደግሞ ንግድ ፈቃድ ምናምን ውስጥ ትገባላችሁ።

አሁን ወደ ጎረቤት። እዚ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ ምክንያቱም ወረዳ ከመሄዴ በፊት ጉዳዩ ያለቀው ግቢ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደሚወደው ጎረቤት ነው፣ "እሺ" የሚለውን ቶሎ ለመስማት። እኔ የምመክረው ግን መጀመሪያ ይቃወማል ብላችሁ ወደምትሰጉት ሰው ነው። እኛ ግቢ አጥር የምንጋራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፣ በዛን ጊዜ ለደንብ ማስከበር የጠቆሙት እሳቸው ናቸው ተብሎ በግቢው ይወራ ነበር፣ እናቴ ከዛ በኋላ ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ነበር። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወንበር ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና "ጋሼ፣ ዶሮ ዳግመኛ ልናስገባ አስበናል፣ ግን እርስዎን ሳልጠይቅ አንድም ነገር አላደርግም" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ፣ እኔ ዶሮ አልጠላም፣ እንዲያውም ገጠር እያለሁ እናቴ ዶሮ አርቢ ነበረች፣ የጠላሁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጆሮዬ ስር የሚጮኸውን ነው፣ የደም ግፊት መድሃኒት ወስጄ ስንት ታግዬ የተኛሁትን ያስነሳኛል" አሉኝ። ያኔ ነው ያፈርኩት። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፣ እኛ ነን ያልጠየቅናቸው። አውራ እንደማይኖር ነገርኳቸው፣ ሳጥኑንም ከሳቸው መስኮት አርቀን ልብስ መስጫው ጋ እንደምናደርገው አሳየኋቸው፣ "እንደዛ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ" አሉ።

ከሳቸው በኋላ ሌሎቹ ቀላል ሆኑ። እናቴ ቡና አፈላች፣ አምስቱም ቤት መጣ፣ ሁሉም የሚሰጋበትን ተናገረ። አንዷ እህት ልጇ አስም አለባት፣ ሽታውንና አቧራውን ፈራች፣ ሳጥኑ ከሷ በር ቢያንስ 6 ሜትር እንዲርቅ ተስማማን። ሌላዋ አይጥ ይበዛል አለች፣ ልክ ናት፣ መኖ ያለበት አይጥ አለ፣ ስለዚ መኖው ክዳን ባለው በርሜል እንዲቀመጥና ማታ ማታ የተረፈ መኖ ዶሮዎቹ ጋ እንዳያድር ተባለ። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ በፆም ሰዓት እንቁላሉን ምን ታደርጉታላችሁ ብላ ጠየቀች፣ እናቴም "እናንተ ትበሉታላችኋ!" አለቻት፣ በአቢይ ፆም 55 ቀን ሙሉ እኛ አንበላ ዶሮዎቹ ግን አይፆሙም፣ እና በዛ ሰሞን እንቁላሉ ለእሷ ቤትና ለህፃናቱ እንዲሆን በዛው ተቆረጠ። ይሄን ሁሉ አንድ ገፅ ላይ ፅፈን ሁሉም በስሙና በቤት ቁጥሩ ፈረመ። የእድራችን ዳኛም እንደ ምስክር ፈረሙልን። ይቺን ወረቀት የትኛውም ኃላፊ ፊት ስታወጧት ክርክሩ ግማሹ ያልቃል፣ ምክንያቱም ኃላፊው ፈቅዶ ነገ አቤቱታ እንዳይመጣበት ነው የሚፈራው፣ አቤቱታ ሊያመጡ የሚችሉት ሰዎች ደግሞ ፈርመዋል።

የሚያስፈልጋችሁ ተጨማሪ ስምምነት እንደ ቤታችሁ አይነት ይለያያል፣ ባጭሩ ልበለው። የቀበሌ ቤት ከሆነ አከራያችሁ ራሱ መንግስት ነው፣ ስለዚ የወረዳው ቤቶች አስተዳደር ማወቅ አለበት። ከግለሰብ የተከራያችሁ ከሆነ ባለቤቱ በፅሁፍ ይስማማ፣ በቃል "ችግር የለውም" ያለ አከራይ ሰው ሲመጣ አላውቅም ይላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ በአዋጅ 370/1995 መሰረት የተቋቋመ የባለቤቶች ማህበር አለ፣ ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት የማህበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ፣ የጋራ ቦታን ለመጠቀም እነሱ ሳይስማሙ ወረዳ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። በረንዳ ላይ ዶሮ የሚያረቡ አይቻለሁ፣ እኔ አልመክርም፣ ለዶሮዎቹም ለታች ቤት ሰውም ጥሩ አይደለም።

ቀጥሎ የቱ ቢሮ ልሂድ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ቀጥታ ደንብ ማስከበር ሄዶ "ዶሮ ማርባት ይቻላል ወይ?" ይላል። እንደሱ አትጠይቁ። የነሱ ስራ መከልከልና መቆጣጠር ነው፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር "አይቻልም" ብለው ቢመልሱ አይፈረድባቸውም። የናንተ ቢሮ የወረዳው አርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽ/ቤት ነው። ይሄ ቢሮ ሰው በጓሮው እንዲያመርት መርዳት ስራው ነው፣ በ2015 አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ እንቁላልና ዶሮ ከዋናዎቹ ስራዎች ገብተዋል፣ በየወረዳው ለነዋሪ እንቁላል ጣይ ዶሮ ሲከፋፈልም በቴሌቪዥን አይታችኋል። ስለዚ እናንተ እንደ ለማኝ አይደለም የምትሄዱት፣ መንግስት ራሱ አድርጉ ያለውን ስርዓት ባለው መንገድ ልናደርግ ነው ብላችሁ ነው። እነሱም ሪፖርታቸው ላይ የሚያስገቡት ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ቤት ይፈልጋሉ። ይሄን በግልፅ ንገሯቸው፦ "ለጉብኝት ብታመጡ በራችን ክፍት ነው" በሉ። እኔ ይሄን ስል ባለሙያዋ እስክሪብቶ አንስታ ስልኬን መዘገበች።

ቢሮ ስትሄዱ መጀመሪያ ኃላፊውን አትፈልጉ፣ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው ሁሌም፣ የእንስሳት ባለሙያውን ወይ ባለሙያዋን ፈልጉ። ደብዳቤው ኃላፊው ጋ ሲደርስ ወደ ባለሙያ ይመራዋል፣ ባለሙያው ቀድሞ የሚያውቀው ጉዳይ ከሆነ ነገሩ ይፈጥናል። በኔ ልምድ ሰኞ ጠዋትና አርብ ከሰዓት ብትሄዱ ትለፋላችሁ። ለብሳችሁ በክብር ሂዱ፣ በትህትና አውሩ፣ ግን የትኛውንም ነገር በቃል ብቻ አትጨርሱ። "እሺ ችግር የለውም አርቡ" ብሎ በቃል የፈቀደላችሁ ሰው በሚቀጥለው ወር ሌላ ወረዳ ሊዛወር ይችላል፣ አዲሱ ሰው ደግሞ እናንተን አያውቃችሁም።

ደብዳቤውን እንዴት እንደምትፅፉት ይኸው፣ የኛን ስምና ቁጥሩን አውጥቼ ነው፣ እንዳለ ገልብጣችሁ የራሳችሁን ሙሉበት፦

ቀን …
ለ… ክፍለ ከተማ ወረዳ … አርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽ/ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለቤት ፍጆታ የሚውሉ 6 እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን በግቢያችን ለማርባት ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኛ አመልካቾች በወረዳችሁ የቤት ቁጥር … ነዋሪዎች ስንሆን ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ይህንን ማመልከቻ አቅርበናል። ዶሮዎቹ ሴት ብቻ ሲሆኑ ቁጥራቸው ከ6 አይበልጥም፤ አውራ ዶሮ አይኖርም። የሚያድሩበት ቤት ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ፣ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ከመሬትም ሆነ ከአጥር ጋር ያልተያያዘና ተንቀሳቃሽ ነው። ምርቱ ለቤት ፍጆታ እንጂ ለንግድ አይውልም። ክትባት በጊዜው እናስከትባለን፤ ኩሱና ጉዝጓዙ በየሳምንቱ ይወገዳል። በግቢው የሚኖሩ የ5 አባወራዎች የስምምነት ፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ስለዚህ ጽ/ቤቱ ባለሙያ ልኮ ቦታውን አይቶ እንዲፈቅድልን፣ ጥያቄያችን ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነም የሚከለክለው ሕግ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ከነአንቀጹ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽ/ቤት
ለወረዳው ደንብ ማስከበር ጽ/ቤት
ለወረዳው ቤቶች አስተዳደር ጽ/ቤት

ከዚህ ሁሉ ትልቋ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻዋ ናት፣ "ከነአንቀጹ ተጠቅሶ በጽሑፍ" የምትለዋ። እንድትወጣ አትፍቀዱ። አንድ ሰው "አይቻልም" ለማለት ምንም አያስቸግረውም፣ የትኛው መመሪያ የትኛው አንቀፅ ብሎ ለመፃፍ ግን መፈለግ አለበት፣ ሲፈልግ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ስለ ንፅህና፣ ስለ ግንባታ ወይ ስለ ጎረቤት ሰላም ነው፣ እነዚህን ደግሞ እናንተ ደብዳቤው ላይ መልሳችኋቸዋል። መጠየቁ መብታችሁ ነው፦ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 12 የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልፅ መሆን አለበት ይላል፣ አዋጅ 590/2000 ደግሞ ከመንግስት መስሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ግልባጩም ምክንያት አለው፣ ደንብ ማስከበር ቀድሞ እንዲያውቀው ነው፣ ከጀርባው የሄደ ሰው አይወድም፣ እኛም ብንሆን አንወድም።

ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ። አንዱን ይወስዳሉ፣ የናንተ ኮፒ ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ፅፈው ማህተም ያደርጉበታል። ያን ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሱ። እኛ አንድ ኮፒ ይዘን ሄደን ፎቶ ኮፒ ፍለጋ ሁለት ሰዓት አጥፍተናል፣ ተመልሰን ስንመጣ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሱት።

ህግ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ እናንተም ላይ ግዴታ አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀፅ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጫጫታ ወይ ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ ጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ወረዳው ቢፈቅድላችሁም ሽታችሁ ሰው ካስመረረ ጎረቤት መብቱ አለው፣ ትክክልም ነው። እኔ ይሄን አንቀፅ ራሴ ነኝ ለባለሙያዋ የጠቀስኩላት፣ "እንደምናውቀው ይወቁልን" ብዬ፣ ከሚደብቅ ሰው የሚያውቅ ሰው ይታመናል።

ከዛ ለጉብኝት ይመጣሉ። ቀጠሮ አስይዙ፣ ካልመጡ በየሳምንቱ እየሄዱ በትህትና ማስታወስ ነው፣ እኛ ጋ የመጡት በአምስተኛው ሳምንት ነው። ሲመጡ ዶሮ አይኑር፣ ባዶ ሳጥኑ ብቻ ይኑር። ፈቃድ ሳታገኙ ዶሮዎቹን አስገብታችሁ ከጠበቃችሁ "ታዲያ ለምን ጠየቃችሁን" ይላሉ።

የሚጠይቋችሁ ዋናው ስለ ሽታ ነው፣ ስለዚ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት ቻሉ። አንድ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም ኩስ ትጥላለች፣ 6ቱ ተደምረው ከአንድ ኪሎ በታች ማለት ነው። ኩሱ ደረቅ ከሆነ ብዙ አይሸትም፣ አይን የሚያቃጥለው ሽታ የሚመጣው ሲረጥብ ነው፣ ባክቴሪያ ኩሱ ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ወደ አሞኒያ ስለሚቀይረው። ስለዚ ስራው ሁሉ ማድረቅ ነው፦ ከታች አራት ጣት ያህል ሰጋቱራ መጎዝጎዝ፣ የውሃ እቃው እንዳይደፋ አንጠልጥሎ ማስቀመጥ፣ ክዳኑን ከሳጥኑ አስፍቶ መስራት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከጎን ስለሚመታ የሳጥኑን አንድ ጎን በሸራ ጋርዱት፣ በክረምት አንዴ ሰጋቱራው ከራሰ በሁለት ቀን ውስጥ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። የምታወጡት ጉዝጓዝ ደግሞ የት ይሄዳል ይሏችኋል። እኛ ክዳን ባለው አሮጌ በርሜል ውስጥ ከደረቅ ቅጠል ጋር እናጠራቅመዋለን፣ ሲበሰብስ ግቢው በር ላይ ላሉት አበቦችና ለጎመን ይሆናል፣ ትኩሱን ግን ተክል ላይ አታድርጉ ያቃጥለዋል።

ስለ በሽታም ይጠየቃል። ፈንግል የሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ ያልተከተበ ቤት ከገባ ዶሮውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚወጣው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን መሆኑ ነው፣ ለ6 ዶሮ ብቻ መክፈት ያባክናል። ስለዚ በሰፈሩ ዶሮ ያላቸውን ሰብስባችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ፣ ባለሙያውንም ጠይቁት፣ ቀኑን እሱ ቢመራው ለሱም ጥሩ ስራ ነው። እኛ በየ3 ወሩ እናስከትባለን፣ ቀኑ ካርድ ላይ ይፃፋል፣ ካርዱ ሳጥኑ ላይ ይሰቀላል። ለሰው ጤና ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አስቀድማችሁ ጋብዟት። እኛ ጋ መጥታ ልጆች ዶሮ ነክተው እጅ ሳይታጠቡ እንዳይበሉ፣ እንቁላልም በደንብ እንዲበስል፣ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ አለ ብላ አስረዳችን፣ ከጎረቤት ወረቀት ጀርባ ላይም አይታ መምከሯን ፅፋ ፈረመች። ማንም አላዘዘንም ግን ፋይሉን ከፍ አድርጎልናል።

አንዳንዱ "መሃል ከተማ ዶሮ አይታሰብም፣ ዘመናዊ ከተማ እየሰራን ነው" ይላችኋል። እዛ ላይ አትቆጡ። በፋሲካ ዋዜማ በየትኛው ግቢ ነው ዶሮ የሌለው? ፒያሳ እኮ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር የነበራት ከተማ ናት፣ ይቺ ከተማ ዶሮን ዛሬ አይደለም ያወቀችው። በዓል ሲሆን ሁለት ሶስት ቀን ታስሮ ሲጮህ የሚያድረውን አውራ ማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም፣ እኛ የምንጠይቀው ከዛ ዝም ያለና የተያዘ ነገር ነው። እንዲ ብዬ በእርጋታ ስነግራቸው አንዱ ኃላፊ ራሱ ልጅ እያለ እናቱ ዶሮ እንደነበራት አወራኝ። ሰው ትዝታ አለው፣ ትዝታውን ንኩለት።

እምቢ ካሉስ? መጀመሪያ እምቢታውን በፅሁፍ ተቀበሉ። ከዛ እዛው ወረዳ ውስጥ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ የደብዳቤያችሁን ኮፒና ያላችሁን ሁሉ አያይዛችሁ አስገቡ። ካልሆነ ክፍለ ከተማ ያለው የግብርና ጽ/ቤት፣ እንዲሁም የወረዳ ምክር ቤት አባላችሁ፣ አብዛኛው ሰው የወረዳ ምክር ቤት የሚባል ነገር መኖሩንም ይረሳዋል፣ ህዝብ የሚያወያዩበት መድረክ ሲጠራ ሄዳችሁ እጅ አውጥታችሁ ጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል። ደብዳቤያችሁ መልስ ሳያገኝ ወራት ከሄደ በአዋጅ 211/1992 የተቋቋመው እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ያያል፣ መጀመሪያ ግን እታች ያሉትን በሮች ማንኳኳታችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። "ለሻይ" የሚል ሰው ከገጠማችሁ አትስጡ። አንዴ ከሰጣችሁ ፈቃዳችሁ የተገዛ ነው፣ የተገዛ ፈቃድ ሰውየው በተቀየረ ቁጥር ይገዛል። ቲክቶክ ላይ አውጥቶ ማሳጣትንም እንደ መጀመሪያ እርምጃ አትውሰዱት፣ ከናንተ ጋር የነበረውን ባለሙያ ነው መጀመሪያ የሚጎዳው።

ለኛ የሰጡን ወረቀት አጭር ናት፣ "ለቤት ፍጆታ እስከ 6 ሴት ዶሮ፣ በተንቀሳቃሽ ቤት፣ ንፅህናው እየተጠበቀ" ትላለች፣ በስድስት ወር አንዴ ባለሙያ ያያል። ኮፒዋን በላስቲክ አድርገን በር ጀርባ ሰቅለናታል፣ አንዴ አዲስ የደንብ ማስከበር ልጆች መጥተው አይተዋት ሄደዋል፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከጎረቤት ጋር ያለው ደግሞ በየቀኑ የሚታደስ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች እናቴ ለኛ አላበሰለችም፣ 4 እንቁላል በሰሃን አድርጋ ለጋሼ ነው የወሰደችላቸው። አሁን እኛ ለለቅሶ ወይ ለሰርግ ክፍለ ሀገር ስንሄድ ዶሮዎቹን የሚያበሉት እሳቸው ናቸው፣ አንድ ዶሮ በቀን 110 ወይ 120 ግራም መኖ ነው የምትበላው ብለን ሰፍረን ሰጥተናቸው ሳለ ከዛ አሳልፈው ጎመን ይቆርጡላቸዋል።

የረሳነውን አንድ ነገር ልንገራችሁና እናንተ አትርሱት። ዶሮ ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሆናት እንቁላሏ እየቀነሰ ይሄዳል፣ መተካት ይመጣል። ደብዳቤያችን ላይ "ሲያረጁ በተመሳሳይ ቁጥር እንተካለን" የሚል አላስገባንም፣ ባለሙያዋም "የተፈቀደው ለነዚህ ነው ወይስ ለቁጥሩ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እውነቷን ነው ወረቀቱ ግልፅ አይደለም። ስለዚ ከላይ ባለው ማመልከቻ ላይ "ከ6 አይበልጥም" ከምትለዋ ቀጥሎ ይቺን ዓረፍተ ነገር ጨምሩባት። የኛ ሁለቱ መጣል ካቆሙ ወር ሆኗቸዋል፣ የመተኪያውን ማመልከቻ ሁለት ኮፒ አድርጌ አዘጋጅቻለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት አስገባዋለሁ።